ኳሱ እስኪወድቅ

በዜና ሥራ ውስጥ ምስጋና ቦታ የለውም። ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት ተብሎ ይጻፋል፤ «ተመስገን» ብሎ የሚያልቅ ዜና አርታኢው እጅ ሲገባ ይቆረጣል፤ መቆረጥም አለበት። ስለዚህ በሥራ ላይ ሳለሁ ያላልኩትን እዚህ እላለሁ። የምጽፈው በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆና ስለምትጫወት የጠረጴዛ ቴኒስ ሻምፒዮን ነው። ከይጁቤ ገጠር ወጥታ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ራኬት ጨብጣ፣ የአገሪቱ አንደኛ ሆናለች። ስላሸነፈቻቸው ውድድሮች በየጊዜው ዘግቤያለሁ። ከመንገዷ ሊያስቀራት ጥቂት ስለቀረው ነገር ግን አንድም ቃል አልዘገብኩም። የቤተሰብ ጉዳይ ነበር። አሁን ባለቤቶቹ ራሳቸው ለመጣ ለሄደው እየሳቁ የሚያወሩት ስለሆነ፣ እሷንም አባቷንም አስፈቅጄ ነው የምጽፈው።

ያኔ ደብረ ማርቆስ ላይ የአንድ ሬዲዮ ጣቢያ ዘጋቢ ነበርኩ። ተከራይቼ ከምኖርበት ግቢ ፊት ለፊት የወጣቶች ማዕከል አለ። በማዕከሉ በረንዳ ላይ የከተማው አናጺ የሠራው የቴኒስ ጠረጴዛ ነበር፤ ከሥራ ስወጣ ወጣቶቹ ሲጫወቱ ቆሜ አያለሁ። የሚያሠለጥናቸው አንድ የስፖርት መምህር ነው፤ ከተማው ሁሉ «ቲቸር» ይለዋል። አንድ ቀን አንዲት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በእጅ የሚዘወር ባለ ሦስት እግር ብስክሌት እየነዳች መጣች። ማዕከሉ ውስጥ የተጣለ አሮጌ ተሽከርካሪ ወንበር ነበር፤ እሱ ላይ ተዛውራ ወደ ጠረጴዛው ስትጠጋ ጉልበቷ ከታች ካለው አግዳሚ እንጨት ጋር ተጋጨ።

«ይሄ ነገር እግሩ ይቆረጥ» አለች።

«የማን እግር?» አለ ቲቸር።

«የእኔማ ቢቆረጥ ምን ይጠቅማል? የጠረጴዛው ነዋ!»

ቀድማ የሳቀችው እሷ ስለሆነች ሌላውም ለመሳቅ ድፍረት አገኘ። በማግስቱ አናጺው መጥቶ አግዳሚውን አወለቀው። ከዚያ ወዲያ ጠረጴዛው ይወዛወዝ ጀመር። ቲቸር ግን «የሚወዛወዝ ጠረጴዛ ላይ የተማረ በቆመ ጠረጴዛ ላይ አይሸነፍም» ብሎ ተወው። ይህ አባባል በኋላ ትክክል ሆኖ አልተገኘም፤ ያኔ ግን አጽናንቶናል።

በረንዳው ለነፋስ ክፍት ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከጮቄ ተራራ በኩል ሲመጣ ያቺን ቀላል ኳስ መረቡ ላይ ሊያቆማት ምንም አይቀረውም። ሌሎቹ ነፋስ ሲነሳ ራኬታቸውን አስቀምጠው ጆተኒ ወዳለበት ይሄዳሉ። እሷ ትቀራለች። ነፋሱን ታዳምጥና ኳሱን አንዳንዴ ጠንከር፣ አንዳንዴ ወደ ጎን አጋድላ ትመታለች። ቲቸር ሲደክመው እኔ ከወዲያ በኩል እቆምላታለሁ። ጥሩ ተጫዋች አልነበርኩም።

«ጋሼ፣ እርስዎ ኳሱንም እንደ ዜና ነው የሚያዩት» ትለኛለች፤ «ካለፈ በኋላ ነው የሚደርሱበት።»

ትከሻዋና ክንዷ ከዕድሜዋ በላይ ጠንካራ ነበሩ። ምክንያቱን ስጠይቃት የነገረችኝ እንዲህ ነው። በሕፃንነቷ ትኩሳት ታማ ሁለት እግሮቿ ሽባ ሆነው ቀሩ። አባቷ ገበሬ ናቸው፤ በልጅነታቸው ዲማ ገዳም ሄደው ጥቂት የቤተ ክህነት ትምህርት ተምረዋል፤ በቤታቸው ሥርዓት አይጓደልም። ትልቅ ሰው ሲገባ ቤተሰቡ ሁሉ ብድግ ብሎ «ኖር!» ይላል፤ ገቢው «በእግዜር» ብሎ ያስቀምጣል። እሷ መደቡ ላይ እንደተቀመጠች ትቀራለች። እንግዶቹም በደግነት «አንቺስ ተቀመጪ፣ ግድ የለም» ይሏታል። ይህ ደግነት ከሁሉ ይበልጥ ያማት እንደነበር ነግራኛለች። አንድ ቀን አባቷ እንግዳውን አቋረጡት።

«ለምን ትቀመጣለች? እጅ አላት።»

ከዚያ ቀን ጀምረው አለማመዷት። ሁለት መዳፏን መደቡ ላይ ትተክልና መላ ሰውነቷን በክንዷ ወደ ላይ ታነሳለች። መጀመሪያ ጣት የሚያሾልክ ያህል፣ ኋላ ስንዝር፣ ኋላ ክርኗ ቀጥ እስኪል። «እግሯ ቀርቷል፤ ሥርዓቷ አልቀረም» ይሉ ነበር አባቷ ለሚመጣው ሁሉ። በዚያ ቤት ከወንድሞቿና ከእህቶቿ እኩል የተቆጠረችው በዚህ መነሳት ነው። ቲቸር ታሪኩን ሲሰማ ክንዷን እያየ «ይህን ጂም አላመጣውም፤ ኖር ነው ያመጣው» አለ።

ትምህርቷን ስትጨርስ ደብረ ማርቆስ ልብስ ሰፊ ከሆነችው አክስቷ ጋር ቀረች። ቀን ቁልፍ ትተክላለች፣ ጠርዝ ትሰፋለች፤ አመሻሹ ላይ በረንዳው ላይ ናት። በዚያ ጊዜ ነው የአካል ጉዳተኞች ውድድር ወደ ከተማችን የመጣው። ከየአካባቢው ተጫዋቾች ተሰበሰቡ፤ በማዕከሉ አዳራሽ ውስጥ እውነተኛ ጠረጴዛ ተዘረጋ። ለፍጻሜ የሚደርሱት ሁለቱ ሴቶች ለብሔራዊ ቡድን ልምምድ ወደ አዲስ አበባ እንደሚጠሩ ተነገረ። እሷ ለፍጻሜ ደረሰች። ተጋጣሚዋ ከአዲስ አበባ የመጣች፣ ብዙ የተጫወተች ሴት ነበረች።

ያን ዕለት አባቷ ለለቅሶ ከተማ ገብተዋል። ልጃቸው ቴኒስ የሚባል ነገር እንደምትጫወት ያውቃሉ፤ አይተው ግን አያውቁም። ከለቅሶው ሲመለሱ በአዳራሹ በኩል አለፉ፤ የሕዝቡን ድምፅ ሰምተው፣ ጋቢያቸውን እንዳጣፉ፣ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ እንዳጋደሙ ገቡ።

ጨዋታው የመጨረሻው ዙር ላይ ነበር። አንድ ነጥብ ከቀናት ታሸንፋለች። በሩ ከተጋጣሚዋ ጀርባ ስለሆነ እሷ ፊት ለፊት ታየዋለች። ኳሱ እየተመላለሰ ሳለ አባቷ ብቅ አሉ። በሩ አጠገብ የተቀመጠው ሕዝብ እንደ ልማዱ ብድግ አለ፤ «ኖር!» የሚለው ድምፅ አዳራሹን ዞረ። እሷም ተነሳች። ግራ መዳፏን የወንበሯ ክንድ ላይ ተክላ ሰውነቷን አነሳች፤ በቀኝ እጇ ደግሞ የመጣውን ኳስ መታችው። ግሩም ምት ነበር፤ ኳሱ የጠረጴዛውን ጥግ ነክቶ ወጣ። አሸነፈች ብለን ጮህን። ዳኛው ግን እጁን ያነሳው ወደ ተጋጣሚዋ በኩል ነው።

በተሽከርካሪ ወንበር ጨዋታ ሕግ ኳስ በሚመታበት ቅጽበት የተጫዋቹ ጭን ከመቀመጫው መለየት የለበትም። ከተለየ ነጥቡ የተጋጣሚ ነው። መነሳት የሚችለው መነሳት በማይችለው ላይ ብልጫ እንዳያገኝ የወጣ ሕግ ነው፤ ፍትሐዊ ነው። ዳኛው አይቷል። እኔም አይቻለሁ፤ በጭኗና በመቀመጫው መካከል ማዶው ይታይ ነበር።

«አባቷ ናቸው እኮ!» አለ አንዱ ከሕዝቡ መሐል።

«አባቷ ቢሆኑስ?» አለ ዳኛው።

«አንተ አባት የለህም?»

«አለኝ። እሱ በጨዋታ መሐል አይመጣም።»

አዳራሹ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ነጥቡ እኩል ሆነ፤ ከዚያ ኳስ በኳስ ላይ አመለጣትና ተሸነፈች። አባቷ አጠገባቸው የቆመውን ሰው «ምን አጥፍታ ነው?» ብለው ጠየቁት። ሰውየው የገባውን ያህል ነገራቸው፤ «ለእርስዎ ስለተነሳች ተቀጣች።» አባቷ ዱላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ወጡ።

ብዙም ሳይቆይ በአክስቷ በኩል መልእክት መጣ። «ልጅ ለአባቷ ስለተነሳች የሚቀጣ ጨዋታ የኔ ቤት ልጅ አትጫወትም። ትምጣ።» የብሔራዊ ቡድኑ ጥሪም በዚያው ሰሞን ደረሰ፤ ሁለተኛ በመውጣቷ ቦታው የሷ ነበር። በቀኑ ካልተገኘች ግን ለተከታይዋ ይሰጣል። ቲቸር አክስቷ ሱቅ ድረስ ሄዶ ለመናት።

«አንቺ አዋቂ ነሽ። መታወቂያ አለሽ። ዝም ብለሽ ሂጂ።»

«ቲቸር፣ መታወቂያውን የሰጠኝ ቀበሌ ነው» አለችው። «ምርቃት ግን ቀበሌ አይሰጥም።»

ብስክሌቷን ማዕከሉ ውስጥ አስቀምጣ በመኪና ወደ ይጁቤ ሄደች። የደብረ ማርቆስ ሰው ስለዚህ ብዙ አወራ፤ አባትየውን የሚኮንንም፣ ዳኛውን የሚኮንንም ነበር። ማይክሮፎን ይዤ ወደ ሁለቱም ወገን መሄድ እችል ነበር፤ አልሄድኩም። ይልቅ አንድ ማለዳ ቲቸር በሬን አንኳኳ።

«ሽማግሌ ሆነን እንሂድ» አለኝ።

«እኔን ለምን መረጥከኝ?»

«የኔ ፀጉር ገና ጥቁር ነው። ያንተን ዜናው ጨርሶታል።»

መጋቢት ነው፤ ሁዳዴ ጾም። ይጁቤ ድረስ በመኪና ሄደን ከዚያ በእግራችን ወረድን። አባቷን ያገኘናቸው ማሳቸው ላይ፣ ሲያርሱ ነው። ቲቸር ከተማ ያደገ ሰው ነው፤ ከሩቅ «እንዴት ዋሉ አባት!» ብሎ ተጣራ። አልመለሱም። እርፋቸውን እንደጨበጡ፣ በሬዎቹን እየነዱ ከእኛ ራቁ። የቲቸር ፊት ጠቆረ።

«ይኸው፣ ሰላምታም ከለከሉን» አለኝ።

«ቆይ» አልኩት። እኔም የገበሬ ልጅ ነኝ።

በሬዎቹ ከማሳው ጫፍ ዞሩ፤ ወደ እኛ መጡ፤ ትልሙ እግራችን ሥር ሲያልቅ አቆሙ። አባቷ ጅራፉን እርፉ ላይ አንጠለጠሉና «እንዴት ዋላችሁ፣ ደኅና ናችሁ? ቤት ግቡ» አሉን። በድምፃቸው ውስጥ ቅያሜ አልነበረም።

ቤት ስንገባ ልጅቱ መደቡ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። መዳፏን ተክላ ተነሳች። «ኖር!» አለች። «በእግዜር!» አልን ሁለታችንም። አባቷ ከኋላችን ገብተው ተቀመጡና ገና ሳንተነፍስ ጀመሩን።

«ሽማግሌ በሁለት ነው የሚላከው? ሦስተኛችሁ የት አለ?»

«ሦስተኛው እግዜር ነው» አለ ቲቸር።

«እሱን ይዛችሁ ከመጣችሁማ ምን እላለሁ። ብሉ።»

ሽሮው ተበልቶ፣ ጠላው ተቀድቶ፣ ወደ ጉዳዩ ገባን። የኔ ድርሻ ሕጉን ማስረዳት ነበር፤ አስረዳሁ። አባቷ ሳያቋርጡ ሰሙኝ። ስጨርስ እንዲህ አሉ፤

«ሕጉ ገብቶኛል። ክፉ ሕግ አይደለም። እኔን ያስቸገረኝ ሌላ ነው። ይቺን ልጅ ሰው ሁሉ ተቀመጪ ሲላት ተነሺ ያልኳት እኔ ነኝ። አሁን መልሼ ተቀመጪ ወደሚል ቤት ልስደዳት?»

 ቲቸር ጠላውን አነሳና ሳይጠጣው መልሶ አስቀመጠ። ልጅቱ ከምስሩ ላይ ዓይኗን ሳታነሳ ተናገረች።

«አባባ፣ ቅድም ቲቸር ሲጠራዎ እዚህ ድረስ ተሰምቷል፤ ለምን ዝም አሉት?»

«ትልም ይዤ ነዋ።»

«ቄሱ ቢሆኑስ የጠሩዎት?»

«ቄሱም ቢሆኑ። እርፍ ተይዞ ሰላምታ የለም። እሳቸውም ያውቁታል፤ ዳር ቆመው ይጠብቃሉ።»

«እኔም እኮ ትልም ይዤ ነበር።»

እናቷ ከጓዳ ብቅ ብለው ቆሙ። አባቷ ጢማቸውን አሻሹ።

«የኔ እርሻ ነው፤ ሥራ ነው። ያንቺ ጨዋታ ነው።»

«ጨዋታ ቢሆን እንዲህ ያደርገኝ ነበር? መዳፌን ይዩታ።»

እጇን ዘረጋች። ይዘው ወደ በሩ ብርሃን አዞሩት። ጎማ ከመግፋትና ራኬት ከመጨበጥ የተነሳ መዳፏ ደርቆ ጠጥሯል። የራሳቸውን መዳፍ ከጎኑ ዘረጉ።

«የኔ ይብሳል» አሉ።

«ቆይ፣ ይደርሳል» አለች።

ሥራዬ መጠየቅ ነው። ከዚያ ቀጥሎ አባቷ የጠየቁት ጥያቄ ግን ለእኔ አልመጣልኝም ነበር።

«የኳሱስ ትልም የት ላይ ነው የሚያልቀው?»

ቲቸር ደስ ብሎት ስለ ነጥብ፣ ስለ መረብ፣ ስለ ዙር ማስረዳት ጀመረ። ልጅቱ አቋረጠችው።

«ሲወድቅ ያልቃል አባባ። ኳሱ ሲወድቅ።»

«ከወደቀ በኋላ ብትነሺስ?»

«ማንም ምንም አይለኝም።»

«ታዲያ ትልም ላይ የገባሁት እኔ ነኛ!» አሉ።

ልጅቱ አንድ ነገር ልትል ስትል በእጃቸው አስቆሟት። ተነሱ፤ እኛም ተነሳን። «ሂጂ» አሏት። «ክንድሽን ያጽናልሽ። በሰላም ወጥተሽ በሰላም ግቢ። በማታውቂው አገር የሚያውቅሽ ሰው አያሳጣሽ።»

«አሜን» አሉ እናቷ። ቀጥለውም «ምስሩን ግን ሳትጨርሺ እንዳትሄጂ» አሉ።

በቀኑ አዲስ አበባ ተገኘች። እዚያ የጠበቀቻት በፍጻሜው ያሸነፈቻት ያቺ የአዲስ አበባዋ ሴት ናት፤ አንድ ክፍል ደረሳቸው። በመጀመሪያው ማታ ሴትየዋ «ያኔ ምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም፤ በሩን ጀርባዬን ሰጥቼው ነበር» አለቻት። ነገሩን ስትሰማ ከሳቀች በኋላ «ያቺን ነጥብ ብመልስልሽ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን አይመለስም። ሌላ ነገር ልስጥሽ» አለችና ወንበር እንዴት እንደሚያዝ ታስተምራት ጀመር። ይህንን የማውቀው ከሁለቱም አፍ ስለሰማሁት ነው።

ትምህርቱ ሳያልቅ ከቡድኑ ጋር ወደ ውጭ አገር ሄደች፤ በመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች ተሸንፋ ወጣች። ከዚያው ደወለችልኝ።

«ጋሼ፣ እዚህ ነፋስ የለም!»

በረንዳችን ላይ ነፋሱን አስልታ መምታት ስለለመደች በተዘጋው አዳራሽ ኳሷ ሁሉ ከጠረጴዛው ያልፍ ነበር። ወለሉ እንደ መስታወት ስለሆነ በመታች ቁጥር ወንበሯ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ጠረጴዛውም ንቅንቅ አይልም። ለቲቸር ይህን ስነግረው ጥቂት አሰበ። «ያወዛወዝኳት እኔ ነኝ» አለ፤ ከዚያ «ነፋሱ ግን የኔ አይደለም» ሲል ጨመረ።

ተመልሳ ሁሉንም ከመነሻው ተማረች። ልምምዷን ለማየት አዲስ አበባ በሄድኩ ጊዜ ኳስ ሳትመታ ወንበሯን ብቻ ስትገፋና ስትይዝ፣ ስትገፋና ስትይዝ ነው የደረስኩት። «ይሄ አያሰለችም?» አልኳት። «አባባ ከዘር በፊት ስንት ጊዜ ነው የሚያርሱት?» አለችኝ። ያንን ለሬዲዮ ቀድቼዋለሁ፤ አርታኢው ሳይቆርጠው አለፈ።

የአገሪቱ አንደኛ የሆነችው ከዚያ በኋላ ነው። በፍጻሜው ያሸነፈችው ያችኑ የክፍል ጓደኛዋን ነበር፤ ተሸናፊዋ ከአሸናፊዋ ይበልጥ ስታለቅስ አየኋትና ምክንያቱን ጠየቅኳት። «የገዛ እጄ ነው ያሸነፈኝ፤ እኔ ነኝ ያስተማርኳት» አለች።

በሚቀጥለው ዓመት ውድድሩ እንደገና ደብረ ማርቆስ መጣ። እኔ መቅረጫዬን ይዤ በሩ አጠገብ ቆሜያለሁ። ጨዋታው ተጀምሯል። አባቷ ታጥበው፣ ነጭ ጋቢ ለብሰው መጡ፤ በሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይግቡ አባት፣ ቦታ አለ» አላቸው ጥበቃው።

«ቆይ፣ ይዛለች።»

«ምን ይዛለች?»

«ትልም።»

ጥበቃው ግራ ገብቶት ወደ እኔ አየ። «ይቆዩ፣ ተዋቸው» አልኩት። ከኋላቸው ሌሎች ሰዎች ደረሱ፤ ትልቅ ሰው ቆሞ ቀድሞ መግባት ነውር ስለሆነ እነሱም ቆሙ። በሩ ሰው በሰው ሆነ። ከውስጥ ኳሱ ወዲያና ወዲህ ሲል ይሰማል። አባቷ ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ይከታተላሉ፤ ድምፁ ፈጠን ሲል ዱላቸውን ጠበቅ ያደርጋሉ። በመጨረሻ ኳሱ ወለሉ ላይ ወድቆ ሲነጥር ሰማን። ያኔ ገቡ።

«ኖር!» ብሎ አዳራሹ ብድግ አለ። እሷ ራኬቷን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ሁለት መዳፏን የወንበሯ ክንዶች ላይ ተከለች፤ ክርኗ ቀጥ እስኪል ተነሳች። ዳኛው ከሌላ አካባቢ የመጣ ነው፤ ነገሩ ባይገባውም ኳሱን በእጁ ይዞ ጠበቀ።

«በእግዜር። ተቀመጪ ልጄ» አሉ አባቷ።

ተቀመጠች። ዳኛው ኳሱን ሰጣት። ያን ዕለት አሸነፈች፤ ውጤቱን ለጣቢያው ላክሁ።

ከዚያ በኋላ ከውጭ አገር የነሐስ ሜዳሊያ ይዛ መጥታለች። ከአዲስ አበባ አብረን ስንመለስ ሉማሜ ላይ ሻይ ልንጠጣ ወረድን፤ ሻይ ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ሜዳሊያውን ተቀባበሉት።

«ወርቅ ነው?» አለ አንድ ሽማግሌ እየመዘነው።

«ነሐስ ነው አባቴ።»

«ነሐስ ይሻላል። ወርቅ ድምፅ የለውም፤ ነሐስ ግን ደወል ይሆናል።»

ይጁቤ እነሱ ቤት ስንደርስ አባቷ ሜዳሊያውን አገላብጠው አዩትና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። «ይህን ሲሰጡሽ ተነሳሽ?» «ተነሳሁ፤ ኳሱ ወድቆ ነበራ» አለች። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ በቃቸው።

ቀጥሎ የመጡት ዓመታት ለአካባቢያችን ከባድ ነበሩ። መንገድ የሚዘጋበት፣ ስልክ የሚጠፋበት፣ ውድድር የሚሰረዝበት ጊዜ ሆነ። በእነዚያ ወራት ደብረ ማርቆስ ነበረች፤ በአክስቷ ሱቅ ግድግዳ ላይ ኳስ ስትመታ አልፌ እሰማ ነበር። ድምፁን በሰማሁ ቁጥር ደኅና መሆኗን አውቃለሁ፤ ለኔ ከብዙ ወሬ ይበልጥ ያ ይበቃኝ ነበር። መንገዱ ሲከፈት ሄዳ ተወዳደረች፤ አንዳንዴ አሸነፈች፣ አንዳንዴ ተሸነፈች፤ አሁንም ትጫወታለች። ከሰዓት በኋላ ደግሞ አዳራሹ ውስጥ ሴት ልጆችን ታሠለጥናለች፤ ክራንች ያላቸውም፣ ወንበር ያላቸውም፣ ሁለት እግር ያላቸውም ይመጣሉ። ቲቸር ረዳቷ ሆኗል። «ድሮ የኔ ተማሪ ነበረች፤ አሁን ኳስ አስለቃሚ አደረገችኝ» እያለ ይኩራራል።

ከአባቷ ጋር በሩ ላይ የቆሙት ሰዎች በማግስቱም ቆመው ነበር። ማንም አላዘዛቸውም፤ ማስታወቂያም አልተለጠፈም። ሳምንት አልፎ ሳምንት ሲመጣ ልማድ ሆነ። ዛሬ በዚያ አዳራሽ ኳስ በጨዋታ ላይ እያለ የሚገባ ሰው የለም፤ ቄስም ይሁን፣ ሹምም ይሁን፣ በር ላይ ቆሞ ያዳምጣል። ከሌላ ከተማ የሚመጡ ቡድኖች መጀመሪያ ይገረማሉ፤ ኋላ እነሱም ይቆማሉ። በሥራዬ ብዙ በር አይቻለሁ፤ ለትልቅ ሰው ሲከፈት፣ በትንሽ ሰው ላይ ሲዘጋ። ትልቅ ሰውን አቁሞ አንዲት ልጅ ሥራዋን እስክትጨርስ የሚያስጠብቅ በር ያየሁት ግን ይህን ብቻ ነው። በዚያ በር ደጃፍ ለመቆም ስለበቃሁ አመሰግናለሁ። እርፋቸውን ሳይለቁ ላስተማሩን አባት፣ ምስር እየለቀመች ለተከራከረች ልጅ፣ ሽበቴን ፈልጎ በሬን ላንኳኳ ወዳጄ ምስጋናዬ ይድረስ።

ባለፈው ክረምት አንድ ከሰዓት በኋላ ዘግይቼ ደረስኩ። ዝናቡ ዶፍ ነበር። ከበሩ ፊት ሰዎች በጣሪያው ክፈፍ ሥር ተጠጋግተው ቆመዋል፤ ቦታ ያጣው ከውጭ ይመታል። ከውስጥ የኳሱ ድምፅ አያባራም።

«ይቺ ኳስ ዛሬ አትወድቅም እንዴ?» አለ አንድ የበሰበሰ ሰውዬ።

«ማን ነው የያዘው?» አለ ከኋላ ያለው።

«እሷ ናት።»

«እሷ ከሆነችማ ጃንጥላ ያለው ያውጣ!»

ሳቅን። አንዲት ሴት ጃንጥላዋን ዘርግታ ከሥሩ አስገባችን። ጫማዬ ውኃ ሞልቷል። ወዲያ፣ ወዲህ፣ ወዲያ፣ ወዲህ ይላል ከውስጥ፤ ዝናቡም አልቆመ፣ ኳሱም አልወደቀ፤ እኛም ጠጋ ጠጋ ብለን መጠበቃችንን ቀጠልን።